አዲስ ባለሀብት ከመጥራታችሁ በፊት ኮምቦልቻ ያለነውን ስሙን

ለኢንዱስትሪ፣ ለኢንቨስትመንት፣ ለኤሌክትሪክ ኃይልና ለትራንስፖርት ኃላፊነት ለተሰጣችሁ የፌዴራል፣ የክልልና የከተማ አመራሮች

ጉዳዩ፦ በኮምቦልቻ የሚገኙ አምራቾችና የጥገና ወርክሾፖች ያለባቸውን ችግር ስለማሳወቅና መፍትሔ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አመራሮች፦

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በኮምቦልቻ ከተማ ለፋብሪካዎች መለዋወጫ የምንቀርጽ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ የምንጠቀልል፣ የምንበይድና የምንጠግን የወርክሾፕ ባለቤቶችና ባለሙያዎች ነን። ለመጻፍ ያነሳሳን በቅርቡ አካባቢያችንን ለባለሀብቶች ለማስተዋወቅ የተዘጋጀው መድረክ ነው። በመድረኩ ለአዳዲስ ባለሀብቶች ጥሪ ቀርቧል፤ የሚዘጋጅላቸው መሬትና የሚሰጣቸው ማበረታቻም ተዘርዝሯል። ጥሪውን አንቃወምም። ፋብሪካ ሲበዛ ሥራ የሚበዛልን እኛ ነንና እንዲያውም እንደግፈዋለን። ያሳዘነን ሌላ ነው። እዚህ ከተማ ለዓመታት ስንሠራ ከኖርነው መካከል አንድም ሰው ቀርቦ የሥራውን ሁኔታ እንዲያስረዳ አልተጋበዘም። ለእንግዶቹ በታደለው ወረቀት ላይ ደግሞ የአዋሽ–ኮምቦልቻ የባቡር መስመር ከተማዋ ካሏት መሠረተ ልማቶች ተርታ ተጽፏል። ከዚህ ከተማ ዕቃ ጭኖ ወደ ወደብ የወጣ ባቡር ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

ገንዘቡን ይዞ የሚመጣ ሰው በወረቀት ላይ ባነበበው ብቻ አይወስንም። ከስብሰባው አዳራሽ ሲወጣ ቀድሞ የገባውን ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። መብራት እንዴት ነው? ኮንቴይነር ከጅቡቲ በስንት ቀን ይደርሳል? ማሽን ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ሠራተኛ ይቆያል ወይስ ከርሞ ይሄዳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ዛሬ እየሠሩ ያሉት ፋብሪካዎች ናቸው፣ እነሱን የምንጠግነው እኛ ነን፣ ማሽኑ ላይ የቆሙት ሠራተኞች ናቸው። እኛ ከተቸገርን የከተማዋ ስም አብሮ ይወድቃል፤ በየትኛውም ማስተዋወቂያ አይነሳም።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ የሆነችው ትናንት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው አውራ ጎዳና ከአሰብ በሚሌና በባቲ በኩል ከሚመጣው መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ንግዱም ፋብሪካውም ይህን መጋጠሚያ ተከትሎ መጣ። በደርግ ዘመን የጨርቃ ጨርቁና የቆዳ ፋብሪካው ተተከሉ፤ በኋላ የቢራ ፋብሪካው ተጨመረ፤ የብረታ ብረት፣ የዱቄትና ሌሎች ፋብሪካዎችም ቀጠሉ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ አሰብ ሲዘጋ ያው የባቲና የሚሌ መንገድ ወደ ጅቡቲ ዞሮ አገለገለ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ በ75 ሄክታር ላይ ያረፈው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከተማዋ ደረቅ ወደብ አላት፣ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለውም እዚሁ ነው። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ከተማዋ የጎደላት አዲስ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። የተሠራው በአግባቡ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ ባለሀብት መለመን ባላስፈለገን ነበር።

ቅሬታችንን ከባቡሩ እንጀምራለን።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ግንባታ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙዎቻችን ሥራችንን ያሰፋነው እሱን አምነን ነው። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ–ጅቡቲው መስመር ጋር የሚገጥም፣ የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርኬዚ የገነባው፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ የተያዘለት መስመር ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሊያልቅ የቀረው ጥቂት እንደሆነ ከሰሜኑ ጦርነት በፊት ጀምሮ ሲነገረን ኖሯል። ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ድልድዮቹ ቆመዋል፣ ተራራው ተበስቷል። የኃይል አቅርቦቱ ሳይሟላ ጦርነቱ ደረሰ፣ ከጦርነቱ በኋላም መስመሩ ሥራ ሳይጀምር ዓመታት አለፉ። ለግንባታው የተወሰደው ብድር ግን ባቡሩ ሄደም አልሄደም ይከፈላል።

ባቡሩ ባለመኖሩ የሚደርሰውን ጉዳት በቀላሉ ማሳየት ይቻላል። አንድ ፋብሪካ ጥጥ፣ ኬሚካል ወይም የማሽን ዕቃ ከጅቡቲ ሲያስመጣ ጭነቱ በከባድ መኪና በአፋር በረሃ አልፎ፣ ከሚሌ ወደ ባቲ ወጥቶ፣ ዳገቱን ታግሎ ይደርሳል። የናፍጣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የጭነት ዋጋው ይጨምራል። መንገድ በጸጥታ ችግር በተዘጋ ቁጥር ማሽን ይቆማል፣ ማሽን በቆመ ቁጥር ሠራተኛ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ደግሞ መርከቡ የሚነሳበት ቀን አለው። ቀኑ ካለፈበት ጭነቱን በአውሮፕላን ለመላክ ይገደዳል፤ ትርፉም በዚያው ያልቃል። እንዲህ ያለ ኪሳራ የደረሰበት ድርጅት ሌላውን ባለሀብት "ኮምቦልቻ ና" ብሎ ይጋብዛል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከሁሉ የሚያሳስበን ደግሞ ሥራ ላይ ያልዋለ መስመር የሚደርስበት ነገር ነው። ብረት ነው ሥራችንና እናውቀዋለን። የማይንቀሳቀስ ማሽን ከሚሠራው ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። የማይሠራ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ የሽቦ ሌባ ይጠራል። ዛሬ የቀረው ሥራ ትንሽ ነው ከተባለ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተሠራውን እንደገና መሥራት ሊጠይቅ ይችላል። መስመሩ መቼ ሥራ እንደሚጀምር፣ ምን እንደቀረው፣ ማን እየጠበቀው እንደሆነ በግልጽ የነገረን የለም። ይህን ሳትነግሩን መስመሩን በማስተዋወቂያ ወረቀት ላይ ማስፈር የሚመጣውን ባለሀብት ማሳሳት ነው፤ የተሳሳተ ባለሀብት ደግሞ አኩርፎ ይወጣል፣ ወጥቶም ለሌላው ይናገራል።

ሁለተኛው ቅሬታችን መብራት ነው። እዚህ ላይ ብዙ መናገር እንችላለን፣ ምክንያቱም የጉዳቱ ማስረጃ በየቀኑ ወርክሾፓችን ደጃፍ ይወርዳል።

ፋብሪካ የሚሠራው በሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል በሚያመጡ ሦስት መስመሮች ነው። መብራት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ ጉዳቱም የጠፋው የሥራ ሰዓት ነው። የከፋው ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ብቻ ሲጎድል ነው። ሞተሩ በቀሩት ሁለት ፌዞች ጭነቱን ለመግፋት ይታገላል፣ ይግላል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ክዳኑን ስንከፍት ከሦስቱ የሽቦ ጥቅሎች ሁለቱ ከስለው አንዱ እንደ አዲስ መዳብ ሲያበራ እናገኘዋለን። ይህን ያየ የሞተር ጠቅላይ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ ሞተሩ በራሱ ጉድለት ወይም በሠራተኛው ስህተት እንዳልተቃጠለ፣ አንድ ፌዝ ቀርቶበት እንደተቃጠለ ያውቃል። በክረምት፣ ዝናብና ነፋስ ሲበረታ፣ እንዲህ የተቃጠለ ሞተር ወርክሾፓችንን ይሞላዋል። ከአንድ ዱቄት ፋብሪካ የመጣ ሞተር በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ጠቅልለንለታል። ለእኛ ሥራ ነው፣ ገንዘብም እናገኝበታለን፤ ግን ደንበኛችን እየከሰረ የምናገኘው ገንዘብ ነገ ደንበኛ እንደሚያሳጣን ስለምናውቅ ደስ አይለንም። ያ የዱቄት ፋብሪካ ዛሬ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚፈጨው።

ፌዝ ሲጎድል ማሽኑን የሚያቆም መከላከያ አለ፣ እየገጠምንም ነው። ይህ መሣሪያ ሞተሩን ያድናል እንጂ ምርቱን አያድንም። የጨርቃ ጨርቅ ማሽን መሃል ላይ ሲቆም ክሩ ይበጠሳል፣ ማቅለሚያ ገንዳ ውስጥ ያለው ጨርቅ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ ያም ጨርቅ በሁለተኛ ደረጃ ዋጋ ይሸጣል ወይም ይጣላል። ጄኔሬተር ያለውም ቢሆን በናፍጣ አምርቶ በዋጋ መወዳደር አይችልም።

አገራችን ኃይል አጥታ ቢሆን ኖሮ እንታገሥ ነበር። የዓባይ ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀምሯል፣ ከዚያም ወዲህ ሌሎቹ ተከትለዋል። የእኛ ችግር ከማመንጫው አይደለም፤ ከማከፋፈያው ነው። ያረጀ መስመር፣ የተጨናነቀ ትራንስፎርመር፣ ፋብሪካንና መኖሪያ ቤትን በአንድ መስመር ማሠራት፣ ብልሽት ሲደርስም ቶሎ ያለመምጣት ነው። ብልሽት ስናመለክት ተራ ጠብቁ እንባላለን፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ ግን አይነገረንም። ለጥገና ታስቦ የሚቋረጥ መብራት እንኳ ከአንድ ቀን በፊት ቢነገረን የሥራ ፈረቃችንን ማስተካከል እንችል ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ የአገር ውስጥ አቅራቢ ቦታ ማጣቱ።

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። አንድ ፋብሪካ የማርሽ ሳጥኑ ሻፍት (የሚሽከረከረው ዘንግ) ተሰበረበት። ከውጭ ለማስመጣት ፕሮፎርማ (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) ማምጣት፣ ባንክ ገብቶ የውጭ ምንዛሪ መጠየቅ፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) መክፈት፣ ዕቃውን ከመርከብ መጠበቅ ነበረበት። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ሻፍቱን አመጡልን፤ የተሰበሩትን ሁለት ክፍሎች ገጣጥመን በካሊፐር ለካን፣ ኩሽኔታ የሚቀመጥበትን ቦታ ልኩን ወሰድን፣ ክብ ብረት ገዝተን ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ላይ አስረን ቀረጽን፣ የቁልፍ መቀመጫውን በፍሬዛ ማሽን አወጣን። ፋብሪካው በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረ። የፋብሪካው ሜካኒክ እስከ ዛሬ ድረስ ማሽኑ ሳይቆም እየሠራ እንደሆነ ይነግረናል።

ይህን መሥራት የሚችል እጅ ከተማው ውስጥ እያለ፣ ያው ፋብሪካ በዓመቱ የመለዋወጫ ጨረታ ሲያወጣ መወዳደር አልቻልንም። ጨረታው የተመረመረ የበርካታ ዓመት ሒሳብ፣ ትልቅ የጨረታ ማስከበሪያ፣ ከውጭ አምራች የተሰጠ የወኪልነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ሻፍት ራሱ የሚቀርጽ ሰው ወኪልነት ከማን ያመጣል? ሥራው ለአስመጪ ተሰጠ። ማሽኑ በተሰበረ ቁጥር ግን በስልክ የምንጠራው እኛው ነን።

የቀረጡ ነገርም አለ። ባለሀብት ማሽኑንና መለዋወጫውን ከቀረጥ ነፃ እንዲያስገባ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ ይህ መልካም ነው። ያንኑ መለዋወጫ እዚህ የሚሠራው ወርክሾፕ ግን ብረቱን፣ መዳብ ሽቦውን፣ የብየዳ ዘንጉን ቀረጥና ታክስ ከተከፈለበት ነጋዴ ላይ ይገዛል። ስለዚህ ያለቀው ዕቃ ሳይቀረጥ ይገባል፣ የእኛ ጥሬ ዕቃ ይቀረጣል። እንዲህ ባለ ሚዛን የአገር ውስጥ መለዋወጫ ሥራ እንዴት ያድጋል? ከውጭ የሚገባውን ስለሚተካ፣ ስለ ተኪ ምርት በየስብሰባው ይነገራል፣ የኢትዮጵያ ታምርት ንቅናቄም ከተጀመረ ዓመታት ሆኑት። እኛ ከምንቀርጸው ሻፍት የበለጠ ተኪ ምርት ምን እንደሆነ አናውቅም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የብረትና የመዳብ ዋጋ አብሮ ዘለለ። ከመካከላችን አንዱ ከዚያ በፊት በቋሚ ዋጋ ውል ገብቶ ነበር። ዋጋው እንዲስተካከልለት አመለከተ፤ ውል ውል ነው ተባለ። ስሙን ላለማበላሸት በኪሳራ አስረከበ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ልጆች ከሥራ አሰናበተ። ሁለቱም ቶርኖ ከእሱ የተማሩ ነበሩ። የምንዛሪውን ውሳኔ ራሱን እዚህ አንከራከርበትም፤ ላኪውን ሊጠቅም እንደሚችል እናውቃለን። የምንጠይቀው እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ትንሹ አምራች የሚሻገርበት ድልድይ ለምን አይዘጋጅም የሚለውን ነው።

የመሥሪያ ቦታ ችግርም አለብን። አንዳንዶቻችን የምንሠራው በጊዜያዊ ውል በተሰጠን ሼድ ነው። ውሉ ሲያልቅ ሽግግር ተብሎ እንድንወጣ እንጠየቃለን፤ የምንሸጋገርበት ቦታ ግን አልተዘጋጀም። ቶርኖ ቤት ኮምፒውተር ቤት አይደለም። ማሽኑ የሚቆምበት መሠረት በሲሚንቶ ይሠራል፣ ሦስት ፌዝ ይገባለታል፣ ማሽኑ ይስተካከላል፤ ይህን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል የአንድ ዓመት ገቢ ይበላል። ለአዲሱ ባለሀብት መሬት ተዘጋጅቷል ሲባል ስንሰማ ልባችን የሚደማው ለዚህ ነው።

አራተኛው ጦርነቱ ያደረሰብን ጉዳት ነው። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛ በቆየችባቸው ሳምንታት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የእኛም ወርክሾፖች አልተረፉም። የአንዱ ባልደረባችን ቶርኖ ከነበረበት ሊነሳ ስላልቻለ ሞተሩ፣ መያዣ መንጋጋውና መሣሪያዎቹ ተወስደው የብረት አካሉ ብቻ ቀረ። ኢንሹራንስ የነበረንም ውላችን ጦርነትን እንደማይሸፍን ተነገረን። ባንክ የተበደርነው ወለድ መቁጠሩን አላቆመም። የጠፋብንን ዘርዝረን ፎርም ሞልተን፣ ፎቶ አያይዘን፣ ማኅተም አስመትተን አስገብተናል። ይደርሳችኋል፣ አይደርሳችሁም የሚል መልስ እንኳ አልተሰጠንም። አይቻልም መባልም መልስ ነው፤ ቢያንስ ሰው ቁርጡን አውቆ ማሽኑን ሸጦ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ጦርነቱ ሳያበቃ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው፣ የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከፈቀደው የአሜሪካ ሕግ ዕድል ወጣች። ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ለሚሰፉት ፓርኮች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ትዕዛዝ ቀነሰ፣ የሥራ ፈረቃ ቀነሰ፣ የስፌት ኦፕሬተሮች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትና የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱ የተረፈውን አደከመ። የውጭ ገዢ ናሙና በኢሜል ይጠይቃል፣ ሥዕል ይልካል፣ በዚያው ቀን መልስ ይፈልጋል። ለመልስ ሌላ ከተማ ድረስ ሰው የሚልክ አምራች ትዕዛዝ ሊያገኝ አይችልም። የሰላሙ ጉዳይ ከእኛ አቅም በላይ እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም ኢንቨስትመንት ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ በንግግር እንዲፈታ በየደረጃው የምትችሉትን እንድታደርጉ ከመጠየቅ አንቦዝንም።

ስለ ሠራተኞቹም ጥቂት እንበል። ማስተዋወቂያ ወረቀቱ ርካሽ የሰው ኃይልን እንደ መስህብ ጽፎታል። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለብዙ ተከራይተው፣ የማታ ፈረቃ ጨርሰው በጨለማ በእግር እየተጓዙ የሚሠሩት ሥራ ነው ርካሽ የተባለው። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ አልበቃ ሲል ትተውት ይሄዳሉ። ፋብሪካው ሌላ ሰው ከመጀመሪያው ያሠለጥናል፣ አዲሷ ሠራተኛ እስክትለምድ ምርት ይበላሻል፣ መርፌና ማሽን ይሰበራል፤ የሚሰበረው ደግሞ እኛ ጋ ይመጣልና እናየዋለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝን የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ግን ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልተበጀለትም። የሚቆይ ሠራተኛ ያለበት ከተማ ነው ባለሀብትን የሚስበው።

የቦርከናን ወንዝም ሳናነሳ አናልፍም። የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ገባር ወንዞቹ ሲገባ ከታች በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች እየተጎዱ ነው። የውጭ ገዢዎች ዛሬ ጨርቁ በምን ውኃ እንደታጠበ፣ ውኃውም የት እንደፈሰሰ ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ነባር ፋብሪካ ለብቻው ዘመናዊ ማጣሪያ ይትከል ማለት አቅም ያጥራል፤ የጋራ ማጣሪያ ግን በከተማ ደረጃ ሊታቀድ የሚገባው ነው። ይህን የምንለው ልጆቻችን የሚያድጉት በዚሁ ወንዝ ዳር ስለሆነም ነው።

የተከበራችሁ አመራሮች፣ ከዚህ በመነሳት የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ ባቡር ምን ሥራ እንደቀረው፣ ኃይል መቼ እንደሚገባለት፣ ጭነት ማመላለስ መቼ እንደሚጀምር የጊዜ ሰሌዳው በይፋ ይነገረን። እስከዚያው የተገነባው ንብረት ይጠበቅ፣ መስመሩም ሥራ እስኪጀምር ድረስ ከማስተዋወቂያ ጽሑፎች ላይ ይነሳ ወይም ያለበት ሁኔታ በትክክል ይጻፍ።

ለፋብሪካዎችና ለወርክሾፖች ከመኖሪያ ሰፈር የተለየ የኃይል መስመር ይዘርጋልን። የታቀደ መቋረጥ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይነገረን። አንድ ፌዝ ሲጎድል ለሚደርሰው ብልሽት በዚያው ቀን የሚደርስ የጥገና ቡድን በከተማው ይመደብ፤ በፌዝ መጉደል ለሚቃጠል ሞተርም ካሣ የሚጠየቅበት አሠራር ይበጅ።

በጨረታ ሰነዶች ላይ በአገር ውስጥ ለሚሠራ መለዋወጫ የውጭ ወኪልነት ማረጋገጫ መጠየቁ ይቅር፤ ትንንሽ ወርክሾፖች ተቀናጅተው በአንድ ሰነድ እንዲወዳደሩ ይፈቀድ። መለዋወጫ ለምንሠራበት ብረትና መዳብ ያለቀው ዕቃ የሚያገኘውን የቀረጥ ነፃ መብት እንድናገኝ፣ ካልሆነም በማኅበር ተደራጅተን በቀጥታ የምናስመጣበት መንገድ እንዲመቻች እንጠይቃለን። ማርሽና ሻፍት ከተቀረጸ በኋላ የሚጠነክርበት ምድጃና የብረቱን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ በጋራ እንድንጠቀም በከተማችን ይተከል፤ አሁን ለዚህ ሥራ ወደ አዲስ አበባ እንልካለን፣ እሷ ደግሞ ከእኛ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዚህ ሥራ ከቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ጋር ለመሥራት ዝግጁ ነን፤ ተማሪዎቹን ለልምምድ ተቀብለን ማሽን ላይ ለማስተማርም ፈቃደኞች ነን።

የሼድ ውላቸው የሚያልቅባቸው ወርክሾፖች መሸጋገሪያ ቦታ ሳይዘጋጅላቸው እንዳይነሱ፣ ለአዲስ ባለሀብት ከሚዘጋጀው መሬትም ለአቅራቢ ወርክሾፖች ድርሻ እንዲከለል እንጠይቃለን።

በጦርነቱ ለደረሰው ጉዳት ላስመዘገብነው ማመልከቻ የጽሑፍ መልስ ይሰጠን። ካሣ መክፈል ካልተቻለ የብድር ወለዱን መሰረዝና የመክፈያ ጊዜውን ማራዘም አንድ መንገድ አድርጋችሁ እንድታዩት እንለምናለን።

የደሞዝ ቦርዱ በአዋጁ መሠረት ሥራ እንዲጀምር፣ ለማታ ፈረቃ ሠራተኞች መጓጓዣና ለፋብሪካ ሠራተኞች የሚሆን መኖሪያ ቤት በከተማው ዕቅድ እንዲገባ፣ ለቦርከናም የጋራ የፍሳሽ ማጣሪያ ጥናት እንዲጀመር እንጠይቃለን።

በመጨረሻም ነባር አምራቾች፣ ወርክሾፖችና የሠራተኛ ማኅበራት በየሩብ ዓመቱ ከእናንተ ጋር የሚገናኙበት ቋሚ መድረክ ይቋቋም። የመጀመሪያው ስብሰባ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ውስጥ ቢጠራ፣ የተቃጠሉትን ሞተሮችና በእጃችን የሠራናቸውን መለዋወጫዎች ይዘን እንቀርባለን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

በኮምቦልቻ ከተማ የብረታ ብረት፣ የሞተር ጥቅለላና የማሽን ጥገና ወርክሾፕ ባለቤቶችንና ባለሙያዎችን በመወከል፦ የቶርኖና ፍሬዛ ወርክሾፕ ባለቤት